የእቴጌ ምንትዋብ ሕይወትና የትውልድ ሐረግ



ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ፥ ከመተማም ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገዳረፍ የሚወርድ መንገደኛ በስተግራው ሰፊ ቆላ ያያል። የዚህ ቆላ ስም ቋራ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ከፍተኛ አገር የሚነሡት ሽንፋና ድንድር በዚሁ በኩል ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሽንፋም ሱዳን ሲገባ ስሙ ተለውጦ ራሃድ ይባላል። የሰሊጡና የማሽላው አጨዳ በደረሰ ጊዜ ከደጋው ብዙ ጎልማሶች ለሥራ ወደዚያ ስለሚወርዱ፥ አገሩ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው በሙቀቱና በወባው ነው። ነገር ግን አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጎንደርን ቤተ መንግሥት በእጃቸው የያዙ፥ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን በዙፋን ላይ ያዩ፥ ሁለቱንም ቀብረው ከእነርሱ በኋላ የሞቱ አንዲት ታላቅ ሴት የወጡት ከዚሁ ቆላ ነው። የእርሳቸውን ታሪክ ልንጽፍላችሁ ወደድን። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጠናል፤ ይህንም ያደረግነው በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የመጣ የውጭ ሰው ከጻፈው ጋር ለማስተያየት እንዲመች ብለን ነው።

እቴጌ ምንትዋብ በ1706 አካባቢ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች መንበር፥ እናታቸው ወይዘሮ እንኮየ ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብ የሚለው ግን በግዕዝ ምንኛ ያማረች ናት እንደ ማለት ሲሆን፥ ከመልካቸው ደም ግባት የተነሣ የወጣላቸው ስም እንደ ሆነ ይነገራል።

በዚያ ዘመን የዘር ቍጥር እንደ ርስት ማስረጃ ነበረ። የእቴጌይቱ ቤተ ሰቦች በአንድ ወገን ከ1559 እስከ 1563 ከነገሡት ከአፄ ሚናስ እንወርዳለን ይሉ ነበር። ደግሞም በ1541 ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር መጥተው በአገራችን ከቀሩት ፖርቱጋሎች ዘር አለብን ማለታቸውን እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ጽፏል። እንደሚመስለን፥ በጎንደር መኳንንት ዘንድ ቋረኛ ማለት ቆለኛ ማለት ስለ ነበረ፥ አባቶቻቸውን ይህን ያህል ከሩቅ መቍጠር የግድ ሆኖባቸው ነበር። ንጉሥ የተወለደባት ማሕፀን ከየት መጣች ተብሎ ለሚጠየቀው ጥያቄ መልስ አስቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት።

ወደ ቤተ መንግሥት እንዴት እንደ ገቡ የሚነገረው ታሪክ በጎንደር ሰው አፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው እንደ ተራ ሰው በአገሩ እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮ መመልከት ልማዳቸው ነበረ። እንዲህ ሲዘዋወሩ በቋራ ታመሙና በአንድ ሰው ቤት አደሩ፤ የባለቤቱም ልጅ ማንነታቸውን ሳታውቅ እስኪድኑ አስታመመቻቸው፤ ሲድኑም አገቧት ይባላል። ታሪኩ እንደ ተረት የጣፈጠ ስለ ሆነ ሁሉንም እንዳለ ለመቀበል እንቸገራለን፤ የደጃዝማች ልጅ የገበሬ ልጅ መስላ መነገሯም አንድ ነገር ያሳስበናል። የተረጋገጠው ግን ጋብቻው በ1722 መፈጸሙ ነው። የበካፋ የመጀመሪያ ሚስት ዘውድ በጫኑበት ቀን በግብዣው ላይ በድንገት እንደ ሞቱ ስለሚነገር፥ የቋራዋ ወጣት የገቡበት ቤት ደስታ ብቻ የነበረበት ቤት አልነበረም።

በ1723 ኢያሱ ተወለዱ። በ1730 መስከረም ወር አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጁ ገና ሰባት ዓመት አልሞላቸውም ነበረ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጎንደር አዲስ ነበረ፤ እናቲቱ ለልጃቸው ሞግዚት በመሆን ብቻ አልተወሰኑም፤ ራሳቸውም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር በመንግሥት ተቀመጡ። የልጁ ስመ መንግሥት ብርሃን ሰገድ፥ የእናቱ ብርሃን ሞገሳ ተባለ። ንጉሡ ሰሎሞን ለእናቱ ለቤርሳቤህ ተነሥቶ እንደ ሰገደላትና በቀኙ ዙፋን እንዳስቀመጣት በመጽሐፈ ነገሥት ያነበቡ የዚያ ዘመን ካህናት ለዚህ ነገር ምሳሌ አላጡም ይሆናል። ቤርሳቤህ የሚለውን ስም አንባቢ ያስታውስልን፤ ቆይቶ ይመለሳል።

እቴጌይቱ ብቻቸውን አልነገሡም፤ ከእርሳቸው ጋር ቋራ ነገሠ ማለት ይቻላል። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆነው እስከ ሞቱበት እስከ 1767 ድረስ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ነበር፤ ሌሎችም ዘመዶቻቸው የሹመት ቦታ ያዙ። ይህ ነገር ቂም ማስነሣቱ አልቀረም። በ1732 ዓመፀኞች ሌላ ልዑል አንግሠው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ፤ ውጊያው በጎንደር ከተማ ውስጥ ሆነ፤ እናትና ልጅም ከግቢው ቅጥር ውስጥ ሆነው ከውጭ የተጠራው ሠራዊት እስኪደርስ ድረስ ታገሡ። ከዚያ ወዲያ እቴጌይቱ የሚታመን ሰው ሲፈልጉ ከሥጋ ዘመድ አልፈው የሚሄዱ አልሆኑም። የተከበበ ሰው ቅጥሩን ቢያጠብቅ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ነገር ግን የኋላው ሐዘን ሁሉ መነሻ እዚህ ላይ ይመስለናል።

የሰላሙ ዓመታት የሥራ ዓመታት ነበሩ። በጎንደር ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራውን ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከከተማው በስተምዕራብ በተራራው ወገብ ላይ ደግሞ የደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ቤተ ክርስቲያን ከነመኖሪያው አሳነጹ። ቍስቋም የግብፅ ተራራ ስም ነው፤ ማርያም ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ስትሸሽ የተቀመጠችበት ስፍራ እንደ ሆነ ይነገራል። ሕፃን ንጉሥ ይዘው የተከበቡት እናት ከስሞች ሁሉ ይህን መምረጣቸውን ያለ ምክንያት አንቈጥረውም። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩም እርሳቸው ናቸው፤ እዚያም በማርያምና በሕፃኑ እግር ሥር ተደፍተው የሚያሳየው ሥዕላቸው አለ። በዚህ ዘመን የሥዕልና የብራና ሥራ እጅግ ስለ ለመለመ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት የጎንደርን ሥዕል በሁለት ዘመን ከፍለው ሁለተኛውን በእቴጌይቱ ጊዜ ይጀምሩታል። ወጪው ግን ከባድ ነበረ።

አንድ ነገር በዝምታ ማለፍ አይገባንም። እቴጌይቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው እኅት የሮማነ ወርቅ ልጅ ከሆነ ኢያሱ ከሚባል ወጣት ጋር ኖሩ፤ ከእርሱም አስቴር፥ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ የተባሉ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። የቤተ መንግሥቱም ሰዎች በንቀት መልማል ኢያሱ ይሉት ነበር። ንጉሡ ልጃቸው ይህን በመልካም ዓይን አላዩትም። በ1742 ይህ ሰው በጣና ሐይቅ አጠገብ ከገደል ወድቆ ሞተ ተባለ፤ ሰዉ ግን ንጉሡን ጠረጠረ። እናቲቱም በአንድ ቤት ውስጥ የልጆቻቸውን አባት አልቅሰው፥ በገዳይነት ከተጠረጠረው ልጃቸው ጋር መንግሥት መምራት ነበረባቸው።

አፄ ኢያሱ ዕድሜያቸው ከደረሰም በኋላ በእናታቸው ጥላ ሥር እንደ ነበሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ታላቁ ኢያሱ ከተባሉት ከአያታቸው ጋር እያስተያዩ ትንሹ ይሏቸው ነበር፤ አደንና ሕንፃ እንጂ ጦርነት አያውቁም እየተባሉም ይታሙ ነበር። ስለዚህ በ1744 ሠራዊታቸውን አስከትተው በእናታቸው አገር በኩል ወደ ሰናር መንግሥት ወረዱ። የዚያን ጊዜ የሰናር ንጉሥ ባዲ 4ኛ ነበሩ፤ ዛሬ የገዳረፍ አገር የምንለውም በእነርሱ ግዛት ውስጥ ነበረ። በድንድር ወንዝ አጠገብ የንጉሡ ሠራዊት ሳይታሰብ ተመታ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ የሾህ አክሊል የደፋውን የጌታን መልክ የሚያሳየው፥ ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት የሚወጡት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕልም ተማረከ። ወልደ ልዑል የሚመሩት ሌላው ጦር ባይኖር ንጉሡ በደኅና መመለሳቸው ያጠራጥር ነበር። ሥዕሉን ለማስመለስ 8,000 ወቄት ወርቅ ተከፈለ ይባላል። ይህ ሥዕል ከ124 ዓመት በኋላ፥ በ1868 በመቅደላ፥ በእንግሊዞች እጅ ሁለተኛ ተወሰደ፤ እስከ ዛሬም ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ከድንድር የተረፉት ወደ ጎንደር ሲገቡ እቴጌይቱ ምን እንደ ተሰማቸው የጻፈልን የለም። ነገር ግን ልጃቸው ራሳቸውን ችለው ይታዩ ዘንድ የወጡበት መንገድ የእናታቸውን ወንድም ይበልጥ የሚያስፈልግ ሰው አድርጎ መለሳቸው።

እቴጌይቱ መንግሥቱን ለማስፋት የያዙት መንገድ ጋብቻ ነበረ። ለልጃቸው የአንድ ኦሮሞ ባላባት የአሚዞን ልጅ ውቢትን አጋቡ። የዚህችም ሴት የክርስትና ስም ወለተ ቤርሳቤህ ተባለ። ይህን ጋብቻ የአገር መፍረሻ አድርገው የጻፉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። ተለያይተው ይዋጉ የነበሩ ሕዝቦችን በአንድ ማዕድ ማስቀመጥ መልካም አሳብ ነበር፤ ጥፋቱ ሙሽራዪቱ ዘንድ አልነበረም። ጥፋቱ በቤተ መንግሥቱ ለአንድ ወገን ብቻ የሚበቃ መቀመጫ መዘጋጀቱ ነው፤ ያንን መቀመጫ አጥብበው የሠሩት ደግሞ ራሳቸው እቴጌይቱ ነበሩ።

አፄ ኢያሱ በ1755 ሞቱ። የመልማል ኢያሱ እኅት ለወንድሟ ደም መርዝ አጠጣችው ተብሎ ተወራ። የመንግሥቱ ሣጥን ሲከፈት የተገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት እንደ ነበረና እቴጌይቱ በዚህ አዝነው ወደ ቍስቋም እንደ ወጡ ይተረካል። ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ለማወቅ ከቍስቋም ቅጥር ወዲያ ማየት አላስፈለጋቸውም ይሆናል። ዙፋኑን የልጃቸው የኢያሱና የውቢት ልጅ ኢዮአስ፥ ሕፃን ሳሉ ወረሱ።

በዚህ ጊዜ ሁለት እናቶች ተፋጠጡ። ውቢት የንጉሥ እናት ነኝና እንደ አማቴ ለልጄ ሞግዚት የምሆነው እኔ ነኝ አሉ፤ ምንትዋብ ደግሞ ዘውድ የደፋሁት እኔ ነኝና አለቅም አሉ። ሰሎሞን በቀኙ የሚያስቀምጠው ወንበር አንድ ብቻ ነበረ፤ ቤርሳቤሆች ግን ሁለት ሆኑ። ከ1730 የተማሩትን ትምህርት ምራታቸው ደግመው ሲያሳዩአቸው እቴጌይቱ መልስ ያጡ ይመስለናል። ውቢት ወንድሞቻቸውን ከነወታደሮቻቸው አመጡ፤ በቤተ መንግሥቱም ኦሮምኛ ከፍ ብሎ ይሰማ ጀመር። ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ሁለቱን ወገኖች አስታርቀው አቆዩአቸው። በ1767 እርሳቸው ሲሞቱ ግን እቴጌይቱ ቋረኞችን ወደ ጎንደር ጠሩ፤ ከተማዪቱም የሁለት አማቾች ሠፈር ሆነች።

ደም እንዳይፈስ ብለው እቴጌይቱ ከትግሬ ራስ ሚካኤል ስሑልን ለሽምግልና አስጠሩ። ሚካኤል ባዕድ አልነበሩም፤ ትንሿ ልጃቸው አልጣሽ ለሚካኤል ልጅ ለወልደ ሐዋርያት ተድራ ነበርና። ሽማግሌው ግን ብዙ ሠራዊት ይዘው መጡ፤ ካስታረቁም በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በዚህ መካከል የበጌምድሩ ገዥ ማርያም ባርያ፥ የወይዘሮ አስቴር ባል፥ በውቢት ወገኖች እጅ ተገደሉ። አስቴር ደሙን የሚመልስላቸውን ሰው ፈለጉ፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን ራስ ሚካኤልንም አገቡ። ይህ ሁሉ የአንድ ቤት ታሪክ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አፄ ኢዮአስ በጠሯቸው ሰው መታፈናቸውን ሲያውቁ ዘግይተው ነበር። በምስጢር ከሚካኤል ጠላት ከዳሞቱ ፋሲል ጋር ተላልከዋል ተባለ፤ ሚካኤልም ፋሲልን ድል ካደረጉ በኋላ በግንቦት 1769 ወጣቱን ንጉሥ በሻሽ አሳንቀው ገደሏቸው። ገዳዩ የእቴጌይቱ አማች፥ ሟቹ የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ነበሩ። ጠሪዋም እርሳቸው ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንትን ከዚህ ቀን ጀምረው ይቈጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ 86 ዓመት ያህል የጎንደር ነገሥታት በራሶች እጅ የሚሾሙና የሚሻሩ ሆኑ። እቴጌይቱ ኢዮአስን በቍስቋም ከአባታቸው አጠገብ ቀበሩ፤ እርሳቸውም ወደ ከተማው አልመለስም ብለው እዚያው ተቀመጡ።

ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር የደረሰው በዚህ ሐዘን ላይ ነው። በቍስቋም ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ይፈጅ ነበርና ሕክምና ያውቃል ተብሎ ተጠራ፤ እርሱም መስኮቱን አስከፍቶ፥ ቤቱን አሳጥኖ ሕመምተኞቹን ጠበቀ። ከታመሙት አንዳንዶቹ ሞቱ፤ የአስቴር ልጅ ኮንፉ ግን ዳነ። ስለዚህ እቴጌይቱ እንግዳውን ወደዱት፤ በቍስቋምም ቤት ሰጡት። እርሱ የዓባይን ምንጭ ለማየት ይህን ያህል አገር አቋርጦ መምጣቱን በነገራቸው ጊዜ እጅግ ተደነቁ፤ ኢየሩሳሌምን ካየ በኋላ ረግረግ ለማየት መድከሙ አልገባቸውም። እርሳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን የተቀመጡ የነገሥታት እናት ሲሆኑ፥ ሌሊትና ቀን የሚመኙት ሁሉን ትተው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው፥ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን በር እየለመኑ ኖረው፥ በሩ በሚታይበት መንገድ ላይ መቀበርን ብቻ እንደ ሆነ ገለጡለት። ብሩስ ብዙ ነገር አጋንኖ ጽፏል ይባላል፤ ይህን ግን ከአንዲት ልጅዋንና የልጅ ልጅዋን ከቀበረች አሮጊት አፍ እንደ ሰማው እናምነዋለን።

ብሩስ በታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ከቍስቋም ተነሥቶ በቆላው መንገድ ወደ ሰናር ወረደ። በጉዞው ላይ አስቴርንና ልጇን ኮንፉን በቆላው በአደን ላይ አገኛቸው። ከዚያም ዛሬ የመተማና የገላባት ድንበር በሆነው በራስ ፊል ታሞ ሰነበተ፤ ቀጥሎም በጢዋ ሼኩ ይዞ አስጨነቀው፤ ራሃድንና ድንድርን ተሻግሮ በ1772 ሰናር ደረሰ። ኢያሱ ጦራቸውን ያጡበትን ወንዝ እርሱ በጥቂት ሰዎች ተሻገረው። የእቴጌይቱ ስም በዚያ በረሃ ላይ ምን ያህል ይጠቅመው እንደ ነበረ መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል።

እቴጌ ምንትዋብ በ1773 በቍስቋም ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ራስ ሚካኤል በ1771 በሠርባ ኵሳ ተሸንፈው ወደ ትግሬ ሲመለሱ አይተዋል፤ ይህ ግን የሞቱትን አልመለሰላቸውም። ኢየሩሳሌምን አላዩም።

ዘራቸው ግን አልተቋረጠም። ሁለተኛይቱ ልጃቸው ወለተ እስራኤል ለደጃዝማች ዮሴዴቅ ተድረው ራስ ኃይሉን ወለዱ፤ የጎጃም ገዥዎች ሐረግ ከዚህ ይመዘዛል። ከዚሁ ሐረግ የሚወርዱት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1888 ከመተማ ወገን የመጣውን የድርቡሽ ጦር በደምቢያ ገጥመው ተሸነፉ። ድርቡሾችም ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ቍስቋምም ከተቃጠሉት አንዱ ነበረ። ያ ጦር የመጣበት መንገድ ኢያሱ ወደ ሰናር የወረዱበትና ብሩስ አገሩን የለቀቀበት የቆላ ወገን ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደ ገና ተሠራ፤ የመኖሪያው ቅጥርና የግንቡ ፍራሽ እስከ ዛሬ አለ። እዚያ የሚጠብቁት ካህናት ለጎብኚ የሦስት ሰዎች ዐፅም በአንድ ሣጥን ያሳያሉ። የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው ይላሉ።